እርገጪ፣ ዓለሜ

የጊታሪስቱ እግር ሽባ ስለነበር፣ እሱ በእጁ ሲጫወት የክሮቹን ቃና ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የጊታሩን ፔዳል የምትረግጥለት ሚስቱ ነበረች። «እርገጪ፣ ዓለሜ» ሲላት ቃናው ከፍ ይላል፤ «ልቀቂ» ሲላት ይወርዳል።

እሷን ከቀበረ ወዲህ ያን ጊታር ዓይኑ ሊያየው አልቻለም። ጭን ላይ የሚጋደም፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ ቃና የሚለውጡበት፣ ፔዳል የሌለው ባለሁለት አንገት ጊታር ሠራ። አንደኛውን አንገት እንደ ድሮው ቃኘው፤ ሁለተኛውን እሷ ስትረግጥ ይወጣ በነበረው ቃና።

ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁ ፊት ሞከረው። ወደ ሁለተኛው አንገት መሻገር ሲገባው ግን፣ ልማድ መች ይለቃል፣ «እርገጪ፣ ዓለሜ» አለ። ወዲያው እንባው ቀደመው።

የያዘው ብረት ከቦታው ሳይነቃነቅ የአንደኛው አንገት ቃና ቀስ ብሎ ከፍ አለ። እዚያው ቆየ።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ ዓይኗን ከባዶው ወለል ሳታነሣ፣ «ልቀቂ በላት እንጂ። እግሯን ያማታል።»