የኮሌታው ቅድ

በቁመቱ ቀጭኔ የሚሉት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ታቅፎ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለሱቁ ልብስ ሰፊ ዓይኑን ማመን አቃተው። ይህ አንገተ ረጅም ማዶ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ሲሻማው ኖረ እንጂ ደፉን ረግጦት አያውቅም። ከኋላው የመንገድ ጥግ ሱቋ ልብስ ሰፊ መቀሷን ይዛ፣ በመጨረሻም የገዛ ሴት ልጁ ካርቶኖች በብብቷ ሸጉጣ ተከታትለው ገቡ።

"ምን ጉድ ነው?" አለ፣ በጀሶ የታሰረ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ እንደያዘ።

"ሊያግዙን ነው፣ አባዬ።"

እገዛስ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር። የማርሽ ባንዱ ኮቶች ለዛሬ ቀትር ተቀጥረዋል፤ እሱ ደረጃ ላይ ወድቆ እጁን ከሰበረ ወዲህ ግን ግማሹ ገና ጨርቅ ነው። ካልደረሱ ባንዱ ፊቱን ወደ ፋብሪካ ያዞራል፤ ያኔ ሱቁም አለቀለት። ግን በባላንጣ እጅ መዳን አለ እንዴ?

ይባስ ብላ ልጅቷ ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። በካርቶን የተቆረጠው የኮሌታው ቅድ! አንገት ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጠው፣ ቢታጠብ ቢታጠብ የማይጣመመው ኮሌታ፣ ከአባቱ የወረሰው ምስጢር። ሲቀደው በር ይዘጋል፤ ቁርጥራጩን እንኳ ለቅሞ ያቃጥላል። ልጅቷን ሲያስተምራት ለማንም እንዳታሳይ እንድትምል ጠይቋት ነበር። እሷ ግን እንዲህ ላለ ነገር አልምልም ብላው እርፍ። የልጅ ነገር ብሎ ናቀው፤ ይኸው ጉድ ሠራችው።

"ሸጥሽኝ" አላት።

"አልሸጥኩህም። ጥሩ ኮሌታ የሚሰፋ ሰው ቢበዛ ምን እንጎዳለን?" አለችው፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።

ሁሉንም ከሱቁ ሊያስወጣ አፉን ሲከፍት ቀጭኔ ቀደመው። "ጋሼ፣ ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ። ግን ኮቶቹ ካልደረሱ የዚህ ሰፈር ሰፊ አይታመንም ነው የሚባለው። እኔም ጭምር።"

ጥግ ካለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ አኮረፈ። እነሱ ሥራቸውን ጀመሩ። መኪናዎቹ ይንጫጫሉ፤ የጥግ ሱቋ ሰፊ የባንዱን ከበሮ መቺ ኮት ስትለካ በቦርጩ እየቀለደች ሰዉን ታስቃለች። እሱ እንዳይስቅ ጥርሱን ነከሰ።

ወዲያው ቀጭኔ የኮሌታውን የታች ጨርቅ በቀጥታ ሊቀድ መቀሱን ሲያስጠጋ አየ። ያ ጨርቅ በሰያፍ ካልተቀደደ ይሸበሸባል፤ ኮቱ አበቃለት። ልጅቷ ካውያ ላይ ነበረች፣ አላየችም። ተወው ያበላሸው፣ አለው አንድ ልቡ፤ ያኔ ማን ትክክል እንደነበር ይታያል።

"በሰያፍ!" ሳያስበው ብድግ ብሏል። "የታችኛው በሰያፍ ነው፣ አንተ ረጅም!"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይቆጣል፣ ያሳያል፣ በግራ እጁ ይዳብሳል። የኮሌታው ማጠንከሪያ ከመሰፋቱ በፊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ በካውያ መድረቅ እንዳለበት፣ ለልጁ እንኳ ያልነገራትን የመጨረሻውን ምስጢር፣ ለሁሉም ዘረገፈላቸው። ልጅቷ ካውያዋን አቁማ አየችው። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ደነገጠ፤ ደግሞም ደስ አለው።

ቀትር ላይ የባንዱ መሪ ሲመጣ ኮቶቹ በሙሉ ተሰቅለው ነበር። አንዱን ለብሶ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አዞረና ፈገግ አለ። ሌሎቹን ሰፊዎች ሲያይ ግን ጠረጠረ። "ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ያለበት የቱ ነው? ለራሴ እሱን ልያዝ።"

ልብስ ሰፊው ኮሌታዎቹን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰ። የራሱን ከቀጭኔ ሥራ መለየት አቃተው። ዞሮ እንደገና ዳበሰ። አሁንም አቃተው፤ ደረቱ በኩራት ተነፋ።

"የፈለጉትን ያንሱ" አለ፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ሁሉም እዚህ የሰበሰበችን የልጄ ሥራ ነው።"