መንገዱ የሚያልቅበት መንደር

የምግብ ጠረጴዛው ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ለማናቸውም ዓይነት መብል ዝግ መሆኑ፣ ሳህን ይዞ የተገኘም በሕግ እንደሚጠየቅ፣ ለቤተሰቡ አባላት በሙሉ በይፋ ተነገረ። አዋጁን ያስነገረችው ሚስት ናት። ወዲያው የደሴቲቱን ካርታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋችና አራቱን ማዕዘን በጨው ዕቃ፣ በመቀስ፣ በእናቷ መነጽርና በባሏ ክንድ አስያዘችው።

«ክንድህን እንዳታንቀሳቅስ።»

ባል ክንዱን አላንቀሳቀሰም። እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ይረግጣል፣ ይለቃል። የጨው ዕቃው እንደ ፈሪ ይንቀጠቀጣል።

ደሴቲቱ መሐሏ ላይ እሳተ ገሞራ ተሸክማ ባሕር ላይ ጉብ ያለች፣ ድፍን አረንጓዴ ናት። ሚስት ልብስ ሰፊ ናትና ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ዳርቻውን እንደ ቀሚስ ጠርዝ ዘመዘመችው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀመረች፤ በጥቁሩ አሸዋ፣ በፏፏቴው፣ በፍል ውሃው አዞረችና መልሳ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቋጠረችው።

«ይኸው! በኪራይ መኪና ዙሪያዋን። አንዲት ነገር አታመልጠንም።»

ባል ቀዩን ክብ ትክ ብሎ አየው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያውም የዙሪያው መስመር። ከገበያው ይነሳል፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ በመቃብሩ በኩል ያልፍና ገበያው ይመለሳል። ተሳፋሪ ሁሉ የሚወርድበት አለው፤ እሱ ብቻ የለውም። ፈረቃው ሲያልቅ እንኳ ሞተሩን አያጠፋም፤ ተረኛው ሹፌር እንደጋለ ይረከበዋል። ሴት ልጁ ስትወለድ እዚያ መስመር ላይ ነበር፤ ስትዳርም ልቡ እዚያው ነበር። አሁን ደግሞ በስንት ደጅ ጥናት ፈቃድ አግኝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ክብ!

«ምነው? አፍህን ምን ለጎመው?»

«በዚህ በኩልስ?» አለ። የሌላው እጁ ጣት ከክቡ አፈንግጦ ወደ ተራራው ግርጌ በሚገባ ቀጭን መንገድ ላይ አረፈ። መንገዱ ጥቂት ይሄድና ግራጫ ቀለም ውስጥ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ሚስት ከካርታው ጥግ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። «ከተራራው ፈስሶ የረጋ ዐለት መንገዱን ስለቀበረው ከመንደሩ ወዲያ ማለፍ አይቻልም። አይቻልም ይላል እኮ፣ አንተ!»

«አይቻልም» አለ ባል፤ ጣቱን ግን ከዚያ አላነሳም።

«መንደሩ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። እዚያ እንደር ነው የምለው።»

«እዚያ ካደርን ቀን ይበላብናል። ፍል ውሃው ይቀራል።»

ሶፋው ላይ ጉልበታቸውን ሲያሻሹ የነበሩት አማት ቀና አሉ። «ምኑ ነው የሚቀረው? እኔ ለጉልበቴ ቃል ገብቼለታለሁ!»

«እማማ፣ ሌላ ጊዜ…» አለ ባል።

«ለመሆኑ አንተን አምኖ መኪና የሚሰጥህ ማን ነው? በልጅህ ሠርግ የሙሽሮቹን መኪና ይዘህ ፌርማታ ባየህ ቁጥር እየቆምክ በር ስትከፍት የማናውቃት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ገብታ ቬሎው ላይ ተዘረፈጠች እኮ!»

«ጨዋ ሴት ነበረች። እስከ ሆስፒታሉ ብቻ ነው የሄደችው።»

ሚስት ሳቋ አመለጣት። አማት ግን አልሳቁም። «ምን ያንቆራጥጥሃል፣ ልጄ? ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ነው።»

ተረቱን ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ዛሬ ግን ዙሩ በቁሙ ታየው፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መቃብር። እግሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ፍሬኑ ላይ ጣለ። ጠረጴዛው ዘለለ፣ ጨዉ ተደፋ፣ ደሴቲቱ ተጠቅልላ መቀሱ ላይ ወጣች።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። የሚያድሩበትን ቦታ ዛሬ ልትይዝላቸው ቀጠሮ የነበራት የጉዞ ወኪል ናት። ሚስት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

«እሺ፣ ዙሪያውን ነው አይደል?» አለች ወኪሏ። «ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሰው ሁሉ ይዙር» አለ ባል ከሚስቱ ቀድሞ። «ለእኛ መንገዱ የሚያልቅበት መንደር ይያዝልን።»

ከወዲያ በኩል ወረቀት ተንኮሻኮሸ። «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ እዚያ የሚታይ ነገር የለም። አስፋልቱ ዐለቱ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለዎት ምርጫ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ብቻ ነው።»

«ሞተር አጥፍቶ?»

«ምን ይደረጋል እንግዲህ።»

«መውረድ።»

«አዎ፣ ጋሼ። ይቅርታ።»

ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። ፊቱን ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር ነበር ያየችው። እግሩ ቆሟል። ጠረጴዛው ጸጥ ብሏል፤ የተደፋው ጨው እንኳ አይነቃነቅም። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህ እግር እንቅልፍ ላይ እንኳ ማርሽ ሲፈልግ ነው የምታውቀው።

ካርታውን መልሳ ዘረጋች፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከክቡ ነጥላ ወደ ተራራው ሳበችው፤ ግራጫው ላይ ስትደርስ ሳትቋጥር ተወችው።

«ያዢልን» አለች ለስልኩ።

«እሺ… ግን ፍል ውሃውን ትተው ለምን እዚያን እንደመረጡ ልጠይቅ?»

«አይጠየቅም» አለ ባል፤ ስልኩንም ዘጋው።

አማት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አቀፉ። «እሷስ ትቅር፤ ባዳ ናት። ይሄን ጉልበት ምን ብዬ ላስረዳው? ምክንያቱን ንገረኛ!»

«አልናገርም፣ እማማ።»