ሰባተኛው ዘፈን

መጀመሪያ የጠፋው ሰባተኛው ዘፈን ነበር።

ሟቿ የተወቻቸው ዘፈኖች ሠላሳ አንድ ናቸው። ዘፋኝ ግን አልነበረችም፤ ከባሏ ጋር ሶፋ የምታለብስ ሴት ነበረች። ጨርቁን በስፌት መኪናው ሥር እየገፋች ለራሷ የምታንጎራጉረውን፣ ነርስ የሆነችው ልጇ በመጨረሻው ዓመት በስልክ ቀዳችው። ከድምፅዋ ይልቅ የመኪናው ጩኸት ይጎላል። የሆነ ሆኖ ከእሷ የቀረው ይኸው ነው።

ልጅቷ ዘፈኖቹን ሁሉ ሙዚቃ መስሚያ አፕ ላይ ጫነቻቸው። አንድ አካውንት፣ ሦስት ቦታ፦ የእሷ ስልክ፣ የአባቷ ስልክ፣ የሥራ ክፍሉ ታብሌት። ከአንዱ የጠፋ ከሦስቱም ይጠፋል። የተቀዱበት የድሮ ስልክ ውሃ ገብቶበት ከተጣለ ቆይቷል፤ ሌላ ቅጂ የለም።

አባቷ ያለ ዘፈኖቹ አይሠራም። እነሱ ሲሰሙ ምስማሩን በአንድ ምት ያስገባል። ሲጠፉ መዶሻውን ይዞ ግድግዳ ሲያይ ይውላል፤ ደንበኞቹም አንድ ሁለት እያሉ መሸሽ ጀምረዋል።

ልጅቷ ማንን እንደምትጠረጥር ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ከእናቷ ጎን በሁለተኛው መኪና ዘጠኝ ዓመት የሰፋች፣ ሰው ሁሉ «ዝምተኛዋ» የሚላት ሴት አለች። ሐዘኑ ዓመት እንደሞላው አባቷን አገባች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከመደወሉ በፊት እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናትየው በሕይወት ሳለች «ደንበኛ ሰዓት ካየ ያጣድፈናል» ስለምትል በዚያ ቤት ሰዓት ተሰቅሎ አያውቅም ነበር። አሁን ስፖንጅ በሚከመርበት ክፍል በር ላይ ተሰቀለ። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ» ማለቷን ተወች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ልጅቷ ደግሞ ዝም ያለ አፍ የሚደብቀው አያጣም ባይ ነበረች።

ከሰባተኛው በኋላ ሦስተኛው ጠፋ፤ ከዚያ ሃያኛው፤ ከዚያ በአንድ ሳምንት አራት። ለኩባንያው ጻፈች፤ መልስ የለም። ቀጥሎ ከመጥፋቱ የባሰ ነገር መጣ፤ የጠፉት መመለስ ጀመሩ። በዚህ ቅዳሜ የሌለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታው ላይ ይገኛል። በሥራዋ ላይ መርፌ እያዘጋጀች ትዝ ሲላት ጠጉሯ ይቆም ነበር። የሞተ ሰው እንዲህ እየወጣ ሲገባ ማን ይችለዋል? ሰባተኛው ብቻ አልተመለሰም።

«ዛሬ ጥሩ ዘፈነች» አለ አባቷ አንድ ቅዳሜ፣ ሶፋው ላይ እንዳጎነበሰ። «ባለፈው ደክሟት ነበር።»

ልጅቷ ደጅ ወጥታ አለቀሰች። አባቷ አእምሮው እየከዳው መሰላት።

ስትመለስ ዝምተኛዋ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ሰዓቱም ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የምታገኘው፤ እንኳን ቆመ ትላለች በሆዷ።

«የኔ ልጅ፣ የወንዟ ዘፈን» አለች ዝምተኛዋ በሻከረ ድምፅ። «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምን ነበር የምትለው?»

«የትኛዋ? ሰባተኛዋ?»

«አዎ።»

«‹ወንዙ ምን በደለ፣ ማዶ ያለው እንጂ› ነው የምትለው። ከጠፋች በኋላ ልታሾፊባት ነው?»

ዝምተኛዋ ስፖንጁ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። የሁለተኛው መኪና ድምፅ ከውስጥ ታፍኖ ተሰማ። «ጩኸቱ አባትሽን ይረብሻል» ብላ ወደዚያ ካስገባችው ወራት አልፈዋል።

በሳምንቱ ልጅቷ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄደች። ጠጋኙ አካውንቱን ከፍቶ ብዙ ጎረጎረ።

«የሰው የግል ቅጂ ሲሆን ኩባንያው ራሱ ጠርጎ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ደርሶበታል» አላት። «አሁን እዚህ ያሉትን ሳያቸው ግን፣ ሁሉም በታብሌት በኩል...»

«ታብሌት?»

«አዎ፣ ግን ቆይ ልጨርስልሽ...»

«ታብሌቱን የምትነካው አንድ ሰው ብቻ ናት» ብላ ወጣች።

በቀጥታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

«አባዬ፣ እማዬን ሁለተኛ የገደለቻት እሷ ናት። ዛሬ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ እኔን ሁለተኛ አታየኝም።»

«አንዷንም አላጠፋሁም» አለች ዝምተኛዋ። ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቷል።

«ልጄ፣ እሷ እኮ...» ብሎ አባቷ ጀመረ። ዝምተኛዋ በዓይኗ ከለከለችው።

«ለሷ የምትሰማት እናቷ ናት፤ ተዋት» አለችው ቀስ ብላ።

ሻንጣዋን ለማዘጋጀት ብዙ አልፈጀባትም። ሰዓቱን ከምስማሩ አውርዳ በፎጣ ጠቅልላ ከልብሶቿ መካከል ከተተችው። በሩን ስትዘጋ ድምፅ አልነበረውም። አባቷ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ሰጠ።

ልጅቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ትንሽም ደስ ብሏታል። ታብሌቱን አነሳች። ዝርዝሩን ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ። ሰባተኛው ዛሬ ጠዋት ቦታው ላይ ተመልሷል።

ፈርታ መለሰችው ማለት ነው፣ አለች ልጅቷ፤ ነካችውና ዓይኗን ጨፈነች። መኪናው አጉረመረመ። በጩኸቱ ሥር ያ የምታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። «ወንዙ ምን በደለ» አለ። የልጅቷ እንባ ወረደ። «ማዶ ያለው እንጂ...»

በዚህ መሃል፣ እዚያው ቅጂው ውስጥ፣ ከድምፁ ኋላ፣ ሰዓቱ ጉሮሮውን ጠረገና አራት ጊዜ ደወለ።