የቡፌው ቦርቦን

«ልጃችንን ሰጥተናል» የሚለውን ቃል ከሰሙ በኋላ፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር የመጡት ሽማግሌ ቡፌው ላይ ያለውን ቦርቦን ውስኪ በጣታቸው ጠቆሙ። «እንግዲህ ለዛሬ አይደል የተቀመጠው?» የአባወራው ሚስት ጀርባዋን አዙራ ከፈተችውና ቀዳች። ሽማግሌው ግን ብርጭቆውን ወደ ባሏ መለሱት። «በደንቡ ነው፤ መጀመሪያ አባወራው ይቅመሱልን።»

ብርጭቆውን አነሳ። ክረምት ላይ ለብርድ ብሎ ነበር ጠርሙሱን ተደብቆ የጀመረው። መጀመሪያ የተጎነጨው ጉሮሮውን አቃጥሎት «ይሄንን ነው ሰው በዶላር የሚገዛው?» ብሎ ተሳድቦ ነበር። በማግስቱ ሲደግመው ግን ያረረ ስኳር ጣመው፣ በሳምንቱ ደግሞ ዝናብ የመታው እንጨት ሸተተው። ከዚያ ወዲያ አረቄ አፉ ላይ ውሃ ሆነበት። በጎደለ ቁጥር ቅጠሉን ብቻ አፍልቶ ያቀዘቀዘውን ሻይ እየሞላበት እዚህ ደረሰ። አሁን ሽማግሌው አንዴ ቢቀምሱ የልጅቷም ጋብቻ፣ የእሱም ስም አብሮ ሊፈስ ነው።

ፉት አለ። ሻይ ነበር። ነገር ግን ቀረፋና ቅርንፉድ ምላሱ ላይ ቀረ። እሱ ቀረፋ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። የጠርሙሱን አንገት አንቃ ይዛ ምንጣፉን ታያለች።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ለብርጭቆው ዘርግተው።



«የቤት ነው» አለ።