የጎኑ በር

አባትየው ሊሞት ሲል ስለዚያች ባለሁለት ወንበር ቀይ ስፖርት መኪና፣ «አደራህን፣ እንዳለች ትቆይ» አለው። ልጅየውም «እሺ አባዬ» አለ። ዓመት ሳይሞላ ግን ለጠየቀው ሁሉ አፉን ሞልቶ «ዘመኑ ነው» እያለ ቀለሟን አስጠቆረ፤ ጭስ ማውጫዋን አስቀየረ። የጎኑን በር እጀታም አሠራ፤ ድሮ ከውጭ አልከፈት ስለሚል፣ አባቱ ከመሪው ዘንበል ብሎ ከውስጥ ይከፍትለት ነበር። በመጨረሻ፣ አባቱ ዳሌውን ስለሚያመው ወደ ግራ እያጋደለ ተቀምጦ ያጎደጎደውን የሹፌር ወንበር «ጣሉልኝ» አለ።

ዛሬ ቀትር ላይ መኪናዋን ከወንበር ሰፊው ሊረከብ ሲመጣ፣ የአዲሱ ወንበር ላስቲክ ገና አልተነሳም። ወንበሩ ግን በግራ በኩል ጎድጉዷል።

«ማን ተቀመጠበት?»

«ኧረ ማንም! ስቀይረው ይሄ ሦስተኛዬ ነው» አለ ወንበር ሰፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድሜ፣ የድሮውን ልመልስልህ? መጣሉ አላስችለኝ ብሎ አስቀምጬዋለሁ።»

ባዳ ያልቻለውን እሱ ችሎታል። ኀፍረት ፊቱን ለበለበው፤ አንገቱን ደፋ።

መኪናዋ ውስጥ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የጎኑ በር፣ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተለት።