ልጁን አልለቅም ያሉት አዛውንት

"ልቀቀው! ልጄን ልቀቀው አንተ ሰውዬ!"

ጩኸቱ የመጣው ከቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ ነው...

ጎብኚው ሁሉ ዞረ።

አንዲት እናት ትልቋን ልጇን በእጇ እየጎተተች ሣሩን አቋርጣ ትሮጣለች።

ፊት ለፊቷ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ ልጅ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘዋል።

ልጁ ከአናቱ እስከ እግሩ በትልቅ ሰው ኮት ተጠቅልሏል... ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። ያለቅሳል።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

እናቲቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ልጆቿ ተኝተው ነው የምታገኛቸው። በስንት ልመና የእረፍት ቀን አገኘችና "የንጉሥ ቤት አሳዪን" እያሉ ሲነዘንዟት የከረሙትን ሁለቱን ይዛ ወጣች።

ግን ከትንንሽ ልጆች ጋር ቤተ መንግሥት መጎብኘት... ያየው ያውቀዋል።

"አትንካ!"

"ገመዱን አትለፍ!"

"መጋረጃው ውስጥ አትደበቂ፣ ኧረ በናትሽ!"

ትንሹ ዙፋኑ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ንጉሡስ?" ብሎ ጠየቀ።

"አሁን የለም የኔ ጌታ።"

"ባለቤቱ ከሌለ እኛ ምን እንሠራለን? ውጪ እንጫወት!"

ጎብኚዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀችና ወደ አትክልቱ ይዛቸው ወጣች።

እዚያ ነው ጉዱ የመጣው።

አትክልቱ ከሰው ቁመት በላይ ባደጉ፣ እንደ ግድግዳ በተከረከሙ ቁጥቋጦዎች የተከፋፈለ ነው። የትልቋ ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። እናት ጎንበስ ብላ አሰረችላት።

ቀና ስትል... ትንሹ የለም።

በአንዱ መንገድ ሮጠች፤ የለም። በሌላው ተመለሰች፤ የለም። ሰው ጠየቀች፤ ያየ የለም። እያለቀሰች ስሙን ተጣራች... ትልቋም አብራት ማልቀስ ጀመረች።

በመጨረሻ ቁጥቋጦውን ዞር ስትል ነው ያንን ያየችው።

ልጇን። በማታውቀው ሰው እጅ። በማታውቀው ሰው ኮት ተሸፍኖ።

"ሌባ! ሊሰርቀው ነው! ሰው እንዳያየው ሸፍኖታል!" ብላ ጮኸች።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

አዛውንቱ ግን አልደነገጡም። ፊታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣

"እናቱ ነሽ?" አሉ።

"ምን ያገባሃል! ልቀቅ!"

"ልጁ ራሱ 'እማዬ' ካላለሽ አልለቅም።"

ልጁ ደግሞ ከለቅሶ ብዛት ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቃል ማውጣት አቅቶታል።

"ሰማችሁ? የገዛ ልጇን አልሰጥም እያላት ነው!" አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል።

ሕዝቡ ጋለ። አንድ ጎረምሳ "አንተ ሌባ!" ብሎ አዛውንቱን ገፈተራቸው።

ከወንበሩ ወደቁ። መነጽራቸው በረረ።

ልጁን ግን አለቀቁትም... እንዳይጎዳ ደረታቸው ላይ ይዘውት ነው የወደቁት።

ያኔ ልጁ "እማዬ!" ብሎ ጮኸ።

የአዛውንቱ እጅ ወዲያው ተፈታ።

ልጁ ወደ እናቱ ሮጠ። እሳቸው ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ በመዳፋቸው ሣሩን እየዳበሱ መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ።

መነጽሩ አፍንጫቸው ሥር ነበር... እጃቸው ግን አልፎት ይሄዳል።

ሕዝቡ አሁን ገባው።

አይነ ስውር ናቸው።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ከአንድ ጥበቃ ጋር እያለከለኩ ደረሱ።

"ምን አደረጋችሁት?! ኧረ ምን አደረጋችሁት ባሌን?!"

እናቲቱ ልጇን ስታቅፍ ኮቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ልጁ ከፀጉሩ እስከ ካልሲው ውኃ ያንጠባጥባል...

ከዚያ የአዛውንቱን ሱሪ አየች። እስከ ወገባቸው ርሷል።

"ለባሌ የሚጠጣ ውኃ ልገዛ ሄጄ ስመለስ" አሉ ባለቤታቸው እንባቸው እየቀደማቸው፣ "ከቁጥቋጦው ወዲያ ያለው ኩሬ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ልጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ 'ተቀበይኝ' ይለኛል። በኮቱ ጠቀለልነውና፣ 'እኔ ጥበቃ ልጥራ፣ አንተ ለማንም እንዳትሰጥ' ብዬው ሄድኩ። በትሩ እስካሁን ውኃው ላይ ይንሳፈፋል!"

እናቲቱ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

"አባባ... የኩሬውን ጥልቀት ያውቁት ነበር?"

"የት አውቄው ልጄ። አንድ ነገር ቧ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የልጅ ድምፅ... ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሲጠፋ ነው የገባሁት።"

መቅረጽ የጀመረው ሰው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጎረምሳው መነጽሩን አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ አንገቱን ግን ቀና ማድረግ አልቻለም።

እናቲቱ እግራቸው ሥር ተደፋች። "ሌባ አልኩዎት... እኔ እርስዎን ሌባ አልኩ..."

አዛውንቱ በዳበሳ ትከሻዋን አገኙት።

"ተነሽ ልጄ። እየጮኽሽ ስትመጪ ደስ ነው ያለኝ። የሚፈልገው ሰው አለው ማለት ነው አልኩ። አሁን ልብሱን ቀይሪለት፣ ይበርደዋል።"

ወዳጆቼ...

ኮቱ ልጁን እንዳይበርደው ነበር፤ እኛ መደበቂያ ነው አልን። ጥብቅ አድርገው የያዙት ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት ነበር፤ እኛ ስርቆት ነው አልን። የሚያይ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ፣ አንድም ሰው "አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ አልጠየቀም።

ደግነት ከሩቅ ሲያዩት ሁልጊዜ ደግነት አይመስልም። እጃችንን ከመሰንዘራችን በፊት አንዲት ጥያቄ እናስቀድም።

እኔ በእናቲቱ አልፈርድም፤ ልጅ የጠፋባት እናት የምታስበው በጭንቅላቷ አይደለም። የሚከነክነኝ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ነው።

እናንተስ? በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከተሰበሰበው ሰው መካከል ብትሆኑስ... እውነቱን ንገሩኝ፣ ትጠይቁ ነበር ወይስ ትቀርጹ ነበር?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ 👇