እድፍ የማይዘው ድንጋይ

ከሆስፒታል ወጥተው በቀጥታ የሄዱት ለአዲሱ ቤታቸው ኪችን ግራናይት ሊመርጡ ነበር። ሐኪሙ ያላቸውን መንገድ ላይ አንዳቸውም አላነሱትም። ባልየው ነጩን ለሚስቱ አሳያት።

«እርድ የነካው ቀን ጉድህ ይፈላል!» ብላ ግራጫውን በመዳፏ ዳበሰች። «ይሄስ ዘይት ይይዘዋል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ» አለ ሻጩ።

«ቀይ ወጥስ?»

«በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።»

«የሻማ ጠብታስ? ዝናብ ሲመታውስ ይከርማል?»

ሻጩ ሳቀ። «ኪችን ውስጥ ምን ዝናብ አለ?»

እሷ አልሳቀችም። «ከኪችኑ የሚተርፈውን እንዳትጥሉት። ስሜ ይጻፍበታል።»

ባልየው እጇን ከግራጫው ላይ ሊያነሳ ታገለ።

«ነጩን እንውሰድ» አላት። «ግድ የለም፣ ነጩን። ይበላሽ።»